ለወሎ መዝፈን

ወሎ ሄዶ ማስተማር ይቻላል። ስንት መምህር ሲያደርገው ኖሯል። ወሎ ሄጄ በዘፈንና በጭውውት ላስተምር ማለት ግን ሌላ ዓይነት ድፍረት ይጠይቃል። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ የወሎ አገር ስም ይዘዋል፤ የቀሩትን ሁለቱንም ወሎዬው «የኛው ናቸው» ሲል ደፍሮ የሚከራከረው ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እረኛው ዋሽንት ይነፋል፣ ሸሁ መንዙማ ያወጣል፣ ደብተራው ይወርባል፣ ሚዜው ሆታውን ያቀልጠዋል፣ ባልቴቷ ቡና እየቆላች ግጥም ትደረድራለች። እኛ እንግዲህ ከደሴ አንድ ቀበሌ አዳራሽ የወጣን ጎረምሶችና ኮረዶች፣ አንድ ጀነሬተርና ጆሮ የሚሰነጥቅ ሞንታርቦ ጭነን «ኑ እናስተምራችሁ» እያልን የዞርነው ይህን አገር ነው።

ዘመኑ የፀረ ኤድስ ክበባት ዘመን ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን አገር አቀፍ ፖሊሲው የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። እኛ ክበብ የገባነው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ደሴ ውስጥ ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት በጠፋበት ወቅት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። «ሳምባ ነው» ይባላል፣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይደርሳሉ። መንገዱ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ወደቡ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ማደሪያ ስለሆነች ድራማችን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሾፌር ነበር። ከሾፌር ሌላ ጥፋተኛ ማሰብ አልሆነልንም። ሾፌሮች ተሰብስበው ከሰውን ቢሆን ይረቱን ነበር።

እኔ የሾፌሩ ሚስት ነበርኩ። ሚናውን ያገኘሁት በችሎታ አይመስለኝም፤ ድምፄ ያለ ማይክ ገበያ ያቋርጥ ስለነበር ነው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። እሷው ግን በደርግ ጊዜ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ትርኢት ሲያሳይ አዳራሹ ሞልቶባት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ እንዳየች ስትተርክ አትጠግብም። እነማሪቱ ለገሰ የወጡት ከዚያ ቡድን ነው። ስለ ማሪቱ ሲወራ የእናቴ ፊት ይፈካል፣ ስለ እኔ ሲወራ ይጠቁራል። ይህን ነገር ብዙ የኪነት ልጅ ያውቀዋል፤ ዘፋኝ የሚወደደው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ነው።

ክፍያ የለም። ስማችን በጎ ፈቃደኛ ነው። ትራንስፖርቱን አንድ መሥሪያ ቤት ይችለናል፤ ሲመቸው አይሱዙ ይሰጠናል፣ ሳይመቸው እህል በጫነ መኪና ላይ ከጆንያው ጋር እንሳፈራለን። አበል የሚባለውን ነገር ስሙን እንጂ መልኩን አናውቀውም ነበር። አብረውን የሚሄዱት ባለሙያዎች አበላቸውን በየመንገዱ ሲያሰሉ እኛ ከኋላ ሆነን እንዘፍንላቸዋለን፤ ከበሮ መቺያችን «አበሌ፣ አበሌ» የሚል ዜማ ሠርቶ ነበር፣ እነሱም ይስቁ ነበር። ግን አልተራብንም። ወረዳው ሻይ ሳያቀርብልን የመንደሩ ሰው እንጀራ ይዞ ይመጣል። እንግዳ የሚያስተናግደው ድሀው ነበር፣ እንግዳው ደግሞ ሊያስተምረው የመጣ ነው። ያኔ ልጅ ስለነበርን ይህ ነገር አልከነከነንም፤ በላን፣ ተመረቅን፣ ሄድን።

ባቲ ላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ያላየው ሰው ገበያ አይቻለሁ ባይል ይሻላል። አፋሮቹ ግመልና ፍየል ነድተው ከቆላው ይወጣሉ፣ ኦሮሞዎቹ ከየመንደሩ ቅቤና ከብት ይዘው ይመጣሉ፣ የደጋው አማራ ጤፍና ገብስ ጭኖ ይወርዳል። ሦስት ቋንቋ በአንድ ሜዳ ላይ ይዋዋላል፤ ብዙው ነጋዴ ሦስቱንም ያውቃል፣ ቢያንስ በሦስቱም መሳደብ ይችላል። እኛ ደግሞ አንድ ቋንቋ ይዘን ነው የሄድነው። ሞንታርቦውን ከግመል ተራው ራቅ አድርገን ሰቀልን (ግመሎቹ ድምፁን ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አንድ ሽማግሌ አስቀድመው ነግረውን ነበር)፣ ዘፈን ከፈትን፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ድራማው ተጀመረ።

ሾፌሩ ገና «ደህና ሁኚ» ብሎኝ ሳይወጣ አንድ ፍየል ነጋዴ ከመሀል ተነሡ። «ቆይ፣ ቆይ ልጄ፤ እነዚህ ምንም አልሰሙም» አሉኝ፤ ዞረውም በኦሮምኛ ያስረዱ ጀመር። ተርጉሙልን ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር እሳቸው አምስት ይናገራሉ። እኛ ምንም የሚያስቅ ነገር ያላስገባንበት ቦታ ላይ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ቀስ በቀስ ገባን፤ ሰውየው ሾፌሩን አገር ሰጥተውታል፣ አባት ሰጥተውታል፣ ከዚህ በፊት በሬ ሰርቆ ያውቃል ብለው ታሪክ ጨምረውበታል። ድራማው ሲያልቅ ሾፌሩ እዚያ ገበያ ውስጥ ለቆሙ ሰዎች አማች ሆኖ ነበር። አዘጋጃችን በንዴት ከንፈሩን ይነክሳል። እኔ ግን መድረኩ ላይ ሆኜ የሰዉን ዓይን አይ ነበር፤ አንድም ሰው ወደ ሸቀጡ አልዞረም።

ከዚያ በልምዳችን መሠረት ምክሩ ቀጠለ። «መተማመን፣ መታቀብ» የሚለው። ሰዉ መበተን ጀመረ። ሁልጊዜም በዚህ ላይ ይበተናል፤ እኛ ሙቀቱ ነው፣ ሰዓቱ ነው እንል ነበር። በዚህ መሀል ጥላ ሥር ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናዋን አስቀምጣ ወደኔ መጣች። ማይኩን ጠየቀችኝ አልልም፣ ወሰደችው። በባቲ ዜማ እንዲህ አለች፦

መንገዱስ ደግ ነበር ሄዶ ለሚመጣ፤
እኔን የሚያስፈራኝ ያደረበት ጣጣ።

ሁለተኛዋን መስመር ሳትጨርሳት ገበያው ጮኸ። ወርቁን ከአፏ ነጠቁት። ሊበተን የነበረው ሰው ተመለሰ፣ አንድ ወጣት ከዳር ሆኖ መለሰላት፣ እሷም ቀጠለች፣ ማሲንቆ መቺያችን ሩጦ ገባላቸው። እኛ ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልካች ሆንን። ኋላ ላይ ቡናዋን ጠጥተን ልንከፍል ስንል «ደሞ ለናንተ! እኔን አዘፍናችሁኝ» ብላ ገንዘቡን መለሰችልን። ባሏ ምን ይሠራ እንደነበር አልጠየቅናትም። አንዳንድ ነገር አይጠየቅም።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎን እስክንጨርስ ድረስ መኪናው ላይ ጭቅጭቅ ነበር። አዘጋጁ ትርኢቱ ተበላሸ ባይ ነው። እኛ ትርኢቱ የጀመረው ከተበላሸ በኋላ ነው እንላለን። በማግስቱ ልምምድ ላይ ራሱ መጥቶ የመጨረሻውን ምክር ከጽሑፉ አወጣው። በቦታው ቀዳዳ ተወ፤ የሾፌሩ ሚስት ወደ ሕዝቡ ዞራ «እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች፣ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ከተናገርኩት ቃለ ተውኔት ሁሉ ከባዱ ነበር። ያልተለማመደ ተዋናይ ዝምታ ሲረዝምበት ይደነግጣል፣ ሊሞላው ይቸኩላል። ወሎ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ የሚሞላው ሰው አይጠፋም። «ፍቺው!» የሚል አለ። «ወላሂ እኔ ብሆን ደጄን አላስረግጠውም!» የሚል አለ። «ተዪ፣ መጀመሪያ ሁለታችሁም ተመርመሩ» የሚሉ እናት ይነሣሉ። ባልና ሚስት እዚያው ሲጨቃጨቁ አይተናል። በዘፈን ቤት አውጪና ተቀባይ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። መንዙማውም በዚሁ ይሄዳል፤ ሸሁ ያወጣሉ፣ ድቤው ይመታል፣ ሐድራው ይቀበላል። ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ተቀባይ ሆኖ ያደገ ነው። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አውጥተን አውጥተን፣ የሚቀበልበትን ቦታ ዘግተን ነበር የምንሄደው።

ጉጉፍቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ከብርዱ በቀር ብዙም ትዝ አይለኝም። ደሴ ራሷ ከ2400 ሜትር በላይ ናትና ብርድ እናውቃለን ብለን ነበር። ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ስንወጣ የምናውቀው ብርድ የልጅ ጨዋታ ሆነ። በጎችና ባና የደረቡ ሰዎች ሞልተዋል፣ እኛ በስስ የባህል ልብስ ባዶ እግራችንን እንወዛወዛለን። አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና «ልጆች፣ መጀመሪያ ጋቢ ልበሱ፣ ከዚያ ትመክሩናላችሁ» አሉን። የራሳቸውን ባና አውልቀው ለዋሽንት ነፊያችን ደረቡለት። እሳቸው በጥብቆ ቀሩ፣ ብርዱ የነካቸውም አይመስሉም።

የደላንታዋ ከተማ ወገል ጤና ግን ሌላ ነው። ዛሬ ደላንታ ሲባል ሰው ሁሉ ኦፓል ነው የሚለው፣ የከበረውን ድንጋይ፤ በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ በየገደሉ ተንጠልጥሎ ይቆፍራል፣ ድንጋዩ ዓለም ይዞራል። እኛ የሄድነው ከዚያ በፊት ነው። በኩታበር አድርገን፣ የበሽሎን ገደል ወርደን ወጥተን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። ያደርነው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ገጥመን ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ደጁ ላይ ድምፅ ሰማን፤ የወንድና የሴት ድምፅ፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ እየወጣ፣ ሲገናኙም ሲለያዩም እያማሩ። ላሊበሎች ናቸው።

ላሊበሎችን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ከነጋ አይገኙም። ሌሊት ከየደጁ ቆመው ይዘፍናሉ፣ ያወድሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ የሚሰጣቸውን ተቀብለው ያልፋሉ። ሙያው በዘር የሚወርድ ነው፤ ካልዘፈንን ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል አሮጌ እምነት አብሯቸው ይኖራል። አንዱ ጥበባቸው ደግሞ ስም ማወቅ ነው። የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንደሞተ አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ነው ግጥሙ ውስጥ የሚከቱት። በተኛህበት ስምህን በዜማ ሲጠራህ የሚሰማ ጆሮ ተመልሶ አይተኛም።

የኛንም ስም ከዘበኛው ጠይቀው ኖሯል። የአዘጋጃችንን ስም ጠሩ፣ የእኔን ጠሩ፣ «የደሴ እንግዶች» አሉን፣ ለሕዝብ ስትሉ ብርድ ላይ አደራችሁ ብለው አሞገሱን። ማናችንም እስከዚያ ቀን ተወድሰን አናውቅም። በየኪሳችን የነበረችውን ሳንቲም አዋጥተን ሰጠን። ነጋ ሲል ሊሄዱ ሲነሡ ማሲንቆ መቺያችን ጨዋታ ጀመራቸው።

«እናንተስ ማን ይከፍላችኋል?» አለ ሰውየው።

«ማንም።»

ሰውየው ሚስቱን አያት፣ ተመልሶ እኛን አየን። «እኛስ ካልዘፈንን ደዌ ይይዘናል። እናንተን ምን ይዟችሁ ነው?»

መልስ የነበረው ሰው ከመሀላችን አልተገኘም። ከበሮ መቺው ብቻ «እኛን አበል ማጣት ይዞን ነው» ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የላሊበሎቹን ዘዴ ወሰድን። ትርኢት ከማሳየታችን በፊት ሁለት ልጆች ቀድመው ወደ ከተማው ይገባሉ፤ የወንዙን ስም፣ የተራራውን ስም፣ የታወቀውን አራሽ፣ የታወቀችውን ጠላ ሻጭ ይጠይቃሉ። ማይኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው የአገሩ ስም ይሆናል። ይህን ትምህርት ማንም አሠልጣኝ ኖሮ አላስተማረንም፣ እንደሚታወቀው ግን በሥልጠና ላይ ብዙ ብስኩት በልተናል።

ስለ ሪፖርቱም ትንሽ ልበል። ከየጉዞው ስንመለስ የሚሞላ ቅጽ ነበር። ወንድ ታዳሚ ስንት፣ ሴት ስንት፣ የተበተነ በራሪ ወረቀት ስንት። የባቲን ገበያ ሕዝብ ማን ይቆጥራል? ግመሉን እንቁጠር እንዴ? እንገምታለን፣ ግምታችንም እንደ ስሜታችን ይወጣል ይወርዳል። የቡና አፍይዋ ግጥም የሚገባበት ሣጥን ግን በቅጹ ላይ አልነበረም። አንድ ጊዜ «አስተያየት» በሚለው መስመር ላይ ግጥሙን ጻፍኩት፤ ወረቀቱ «በሥርዓቱ ተሞልቶ ይቅረብ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይዞ ተመለሰ።

በጉዞዎቻችን ሁሉ ትልቁ ነገር የሆነው ውጫሌ ላይ ነው። ውጫሌ ያው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ የሚነሣው ናት፤ ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ የአምባሰል ተራሮች ሥር ትገኛለች። በዚያን ጊዜ ከእኛ ጋር ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ይዞር ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የኛን የመድረክ ልብስ የሰፋው እሱ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጀምሯል፣ ክብደቱም ተመልሶለት ነበር። ድራማው ካለቀ በኋላ ይወጣና ስለ ራሱ ይናገራል። ማይክ አይወድም። «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ ነበርኩ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሱሪ እሰፋለሁ፣ የሚያሰፋ ካለ እዚሁ ነኝ» ይላል፣ ይወርዳል። ያላመነ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ደህና የሆነ ልጅ ምን ሆኖ! ተከፍሎት ነው የሚል ነበር። (ምነው ተከፍሎት በሆነ።)

ያን ቀን ከመድረኩ ሲወርድ አንዲት ሴትዮ እጁን ያዙት። «ና የኔ ጌታ፣ ቡና ደርሷል።» ተከትለነው ገባን። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፤ ጎረቤቶቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች፣ ሁሉም በአንድ ረከቦት ዙሪያ። ሲኒው አይበቃም። አቦሉ ሲቀዳ መጀመሪያ ለእሱ ተሰጠ። ጠጣ፣ አስቀመጠ። የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ሲኒው ሄደ። ያኔ ያቺ ሲኒ ምን እንደነበረች ዛሬ ላሉ ወጣቶች ማስረዳት ይከብዳል፤ አብሮ መብላት የተፈራበት፣ ሳህኑ ተለይቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ሴትዮዋ ሲኒውን አነሡ፣ አላለቀለቁትም፣ ለራሳቸው ቀዱበት፣ ፉት አሉ። ከዚያ ወደ ምርቃቱ ገቡ፦ «መድኃኒቱን ከደምህ ያስማማልህ።»

«አሚን።» «አሜን።»

«ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣ መርፌህ አይሰበር፣ እጅህ አይድከም።»

«አሚን።» «አሜን።»

በረካው እስኪወጣ ድረስ አንድም ሰው ስለ በሽታ አላወራም። ስለ ሱሪ ነው የተወራው፤ ሦስት ሰው ጨርቅ አምጥቶ ተለክቷል። ልጁ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ አሁንም ይሰፋል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያች ፉት የበለጠ ትወና አላየሁም። ትወና ማለቴን ሰው እንዳይቆጣብኝ፤ ሴትዮዋ ሰው እያያቸው መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር፣ ያደረጉትም እንዲታይ ብለው ነው።

አንዳንዴ ስለ ወሎ የተዘፈነውን ሌላውን ዘፈን አስባለሁ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች። በሐምሌ ወር ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተደረገ፣ የዓለም ታላላቅ ዘፋኞች ያለ ክፍያ ዘፈኑ። እነሱም በጎ ፈቃደኞች ነበሩ እንግዲህ። ለእህልና ለመድኃኒት የዋለ ገንዘብ ተሰብስቧል፤ በልጅነቱ ከዚያ እህል የበላ ሰው አውቃለሁና አላቃልለውም። ግን ያ ሁሉ ሲዘፈን የተዘፈነለት ሰው አልሰማም። ቢሰማ ኖሮ መልስ ነበረው፤ ምን አልባትም ግጥም ያስተካክልላቸው ነበር።

በዚያው ዓመትና በተከታዩ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙው ወሎዬ ነበር። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል። ሄዱ፣ ጫካ መነጠሩ፣ ወለዱ፣ ኦሮምኛ ለመዱ፣ አረጁ። በቅርቡ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉት ብዙዎቹ ተመልሰው ወሎ መጠለያ ገቡ። ለልጆቹ ወሎ አያታቸው የምትተርክላቸው አገር እንጂ አገራቸው አልነበረችም።

ያኔ ክበባችን ከፈረሰ ቆይቷል። አንዱ ባንክ ገብቷል፣ አንዷ መምህር ናት፣ ሾፌር ሆኖ የተወነው ልጅ ደሴ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ በዚህ ሁላችንም እንስቅበታለን። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ካተራመሰ በኋላ፣ ከሐይቅ አጠገብ ወዳለው መጠለያ የሄደ አንድ ጓደኛችን «ለልጆቹ የሚጫወትላቸው ሰው የለም» ብሎ ጻፈልን። ሰበብ ይበቃን ነበርና ተጠራርተን ሄድን። ማሲንቆ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ሞንታርቦ የለም። የሚተላለፍም መልእክት የለም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ምን ብለህ ትመክረዋለህ?

ልጆቹ መጀመሪያ አላመኑንም። የሚመዘግብ ሰው ስለለመዱ ወረቀት እስክናወጣ ጠበቁን። የሾፌሩንና የሚስቱን ድራማ ለሣቅ ቀይረን ሠራነው፤ ሾፌሩ አሁን ሆዱ ገፍቷል፣ እኔም ያቺ ኮረዳ አይደለሁም፣ ሣቁ ያለ ድካም መጣ። ከዚያ ልጆቹ «እኛም እናውቃለን» አሉ። ያደጉበትን የወለጋን ጭፈራ በኦሮምኛ ጀመሩት፣ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ከድንኳኑ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ ባልቴቶች በወሎ ጭብጨባ ገቡበት። ሁለቱ ነገር ይገጥማል ብዬ አላሰብኩም፤ ማሲንቆ መቺያችንም ለጥቂት ጊዜ የት እንደሚገባ ጠፍቶበት ነበር፣ ኋላ አገኘው።

ዘፈኑ ሲቀዘቅዝ አንዷ ባልቴት ለብቻቸው ቀጠሉ። ማሲንቆው ዝቅ ብሎ ተከተላቸው።

ልጅ ሆኜ ወሰዱኝ ዝናም ወዳለበት፤
አርጅቼ መለሱኝ ሰው ወዳለቀበት።

«እማማ፣ ከየት ወረዳ ነበሩ?» አልኳቸው።

«ከአምባሰል፣ ከዚህ ተራራ ጀርባ። ግን ማን ያውቀኛል? አንቺ ታውቂኛለሽ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ ማሲንቆ መቺው ዞረው ቅኝቱን እንዳልጠበቀ ነገሩት። «አምባሰል እንዲህ አይደለም፤ ፈጠን አድርገኸዋል። ቀስ በል።» ወለጋ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ ሴት ናቸው። እሱ ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ነው። ቀስ አለ።

ልንሄድ ስንነሣ ጭፈራውን የመራው ልጅ መንገዳችንን ዘጋ። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ የለበሰው ሹራብ ጉልበቱ ላይ ደርሷል። «እናንተ ዘፈናችሁ» አለ፤ «እኛም ዘፈንን። የኛ ይረዝማል። አበላችን የታለ?»

ቃሉን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም፤ መጠለያ ውስጥ የሚውል ልጅ የማይሰማው ነገር የለም። ከበሮ መቺያችን መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ኪሳችንን ፈተሽን፣ ባለ ባጃጁ ሮጦ ከሱቅ ብስኩት ይዞ መጣ፣ ልጁም ቡድኑን አሰልፎ ያድል ጀመር። አድሎ ሲጨርስ ተመልሶ መጣ።

«አልበቃም» አለ። «ከበሮ የመታው ሁለት ነው የሚደርሰው።»

«ማን ነው ከበሮ የመታው?»

«እኔ ነኛ!»

ጀሪካን ነበር የመታው። ሁለት ሰጠነው።